ቆፍረው አገኙት፣ መልሰው ቀበሩት

ወገኖቼ፣ ዘንድሮ ሟች እንኳ ዕረፍት አጣ። በእኛ ጊዜ ሰው ከሞተ ሞተ ነው፤ አልቅሰን እንቀብራለን፣ ተዝካሩን እናወጣለን፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አይደርስበትም። አሁን ግን አንድ መሐንዲስ ወረቀት ላይ ቀጭን መስመር ያሰምርና፣ በዚያ መስመር ሥር የተኛ ሁሉ፣ አምስት ሺህ ዓመት ይሁነው ሰባት ሺህ፣ «ተነሥ፣ መንገድ ልቀቅ» ይባላል። ለምን ቢሉ፣ መኪና ሊያልፍበት። መኪናውስ እንዲያ የሚከንፈው ወዴት ነው? ወደ ሐሪሽ!

ሐሪሽን የማታውቁ ብፁዓን ናችሁ። እኔ ካለሁበት ከሐዴራ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ፣ ዋዲ ዓራ ከሚባለው ሸለቆ አጠገብ ያለ ኮረብታ ነው። ትናንት ቁጥቋጦ ነበር፤ ፍየል እንኳ ካልቸገራት አትወጣበትም። ዛሬ ፎቅ በፎቅ ላይ ተጭኖበት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሰፍሮበታል። ልጄም ምክሬን ንቆ እዚያው ቤት ገዛ። «አባባ፣ አየሩ ጥሩ ነው» ይለኛል። አየር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በዱቤ የሚገዛው? ይኸው እሱ እዚያ ኮረብታ ላይ ዕዳውን ተሸክሞ ጥሩ አየር ይተነፍሳል፣ እኔ እዚህ የልጅ ልጆቼን ሳላይ እከርማለሁ። ለምን አትመጡም ስላቸው፣ መንገዱ አይመችም ይሉኛል።

ታዲያ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ከ65 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሐሪሽ የሚያስገባ ማሳለጫ ይሠራ ተባለ። ማሳለጫ! እኛ በጎንደር አገር፣ ወገራ ሳለን መንገድ የሚያወጣው አህያ ነበር። አህያዋ ባለፈችበት ሰው ይከተላል፣ ሰው በተከተለበት መንገድ ይወጣል፣ አበቃ። መሐንዲስ የለ፣ ቀይና ነጭ አጥር የለ፣ «ለሚደርስብዎ መጉላላት ይቅርታ» የሚል ሰሌዳ የለ። አህያዋም ይቅርታ ጠይቃን አታውቅም። ክረምት ክረምት ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል እንጂ፣ የዚያን ያህል ደግ መንገድ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ እዚያ መንገድ ላይ አይደል እንዴ እግርህ የተሰበረው?» ትለኛለች። የሰው ልጅ ደግ ነገር ቶሎ ይረሳል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ላውጋችሁ። በእስራኤል ከ1978 ጀምሮ የጸና የቅርስ ሕግ አለ። ቅርስ አለበት በተባለ ቦታ ላይ መንገድ ወይም ቤት የሚሠራ ሁሉ አስቀድሞ መሬቱን ያስመረምራል፤ ተቆፍሮ ይታይ ከተባለም ወጪው የራሱ የሠሪው ነው። ስለዚህ ከቡልዶዘሩ በፊት ዶማና አካፋ የያዙ የቅርስ ባለሙያዎች ገቡ። ጊዜው የ2017 መባቻ ነው። ቦታው ኤን ኤሱር ይባላል፤ ውኃቸው የማይነጥፍ ሁለት ምንጮች ያሉበት ለም መሬት ነው። እንግዲህ ምንጭ ባለበት ሰው እንደሚሰፍር ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ አያቴን ቢጠይቋት ምራቋን ሳትውጥ ትነግራቸው ነበር።

ሁለት ዓመት ተኩል ቆፈሩ። በኦክቶበር 2019 የእስራኤል የቅርሶች ባለሥልጣን ያገኘውን ለዓለም አወጀ። ከመንገዱ ሥር የአምስት ሺህ ዓመት ከተማ ተገኘ፤ የመጀመሪያው የነሐስ ዘመን ከሚሉት ጊዜ። ስፋቱ 650 ዱናም ነው፤ በሄክታር 65፣ በእኛ በደጉ መሬት አለካክ ደግሞ አንድ ጋሻ ተኩል ያልፋል። ስድስት ሺህ ያህል ሰው ይኖርበት ነበር ብለው ገመቱ። ከከተማው ሥር ደግሞ ከእሱ በሁለት ሺህ ዓመት የሚቀድም ሌላ መንደር ወጣ። ያን ጊዜ ግብፆች ገና ፒራሚድ አልሠሩም፤ እዚህ ግን ሰዎች ጎዳና ዘርግተው፣ አደባባይ ከፍተው፣ በግንብ ተከልለው ይኖሩ ነበር።

ይህን ሁሉ ካገኙ በኋላ የቁፋሮው መሪዎች ምን ብለው ጠሩት መሰላችሁ? የነሐስ ዘመን ኒውዮርክ! እስቲ ፍረዱ። አምስት ሺህ ዓመት ስሙን አክብሮ የተኛ ከተማ፣ ከአፈር በወጣ ማግስት በትናንቷ ኒውዮርክ ይጠራ? ኒውዮርክን አላየኋትም፤ ማየትም አያስፈልገኝም፤ የወንድሜ ልጅ በስልክ ሲያወራኝ ከኋላው የሚጮኸው መኪና ይበቃኛል። ጎንደር ቢሉት ምን ነበር? ግንብ አለው፣ አደባባይ አለው፣ ኩሩ ሕዝብ አለው። ኩሩ መሆናቸውን በምን አወቅህ የምትሉኝ ካላችሁ፣ እንዲያ ያለ ከተማ የሠራ ሰው ካልኮራ ማን ይኮራ?

እኔ ስለዚያ ከተማ ባሰብሁ ቁጥር በዚያ ዘመን አለመወለዴ ያንገበግበኛል። ጎዳናው ቀጥ ያለ፣ የቤቱ መደዳ በሥርዓት የተሰለፈ፣ የሕዝብ ጎተራ ያለው፣ የዝናብ ውኃ መውረጃ ቦይ የተበጀለት ነው። ቦይ! ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት ቦይ! እኔ ያለሁበት ሕንጻ ትናንት ተሠርቶ ዛሬ ኅዳር ሲገባ ደረጃው ላይ ኩሬ ይሠራል። ለሕንጻው ኮሚቴ ባመለክት «እናያለን» ይሉኛል። በኤን ኤሱር «እናያለን» የሚል ኮሚቴ አልነበረም። ሌሊት ሙዚቃ የሚያስጮህም አልነበረም፤ ያን ሁሉ ዘመን ቆፍረው አንዲት ድምፅ ማጉያ አላገኙም። ላስቲክ አልተገኘም፣ የሲጋራ ቁራጭ አልተገኘም። ስድስት ሺህ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በስሙ ጠርቶ «እንደምን አደርህ» ይለው ነበር። ዛሬ ግድግዳ የሚጋራኝን ሰውዬ ስሙን አላውቀውም። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን መጥቶ አልነገረኝም።

አሁን ደግሞ አቆፋፈራቸውን ልንገራችሁ፤ ከአጥሩ ወዲህ ታጣፊ ወንበሬን ዘርግቼ ያየሁትን ነው። እኛ ጉድጓድ ስንቆፍር ዶማ አንሥተን መሬቱን እንለው ነበር። እነዚህ በገመድና በካስማ መሬቱን አምስት ሜትር በአምስት ሜትር ይሸነሽኑታል። በየመካከሉ ያልተነካ የአፈር ግድግዳ ያስቀራሉ፤ የአፈሩን ድርብርብ ማንበቢያ ነው፣ የላዩ የቅርብ ጊዜ፣ የታቹ የሩቅ ጊዜ ይላሉ። ከዚያ ወዲያ በግንበኛ ማንኪያ ይፍቁታል፣ በብሩሽ ይጠርጉታል፤ ዓይን ውስጥ የገባ ጉድፍ የሚያወጣ ሰው እንኳ እንዲያ አይጠነቀቅም። አፈሩን በባልዲ ያወጡና በወንፊት ይነፉታል። የአፈሩ ቀለም ትንሽ በተለወጠ ቁጥር ሥራው ይቆማል፤ ይለካል፣ ይጻፋል፣ ፎቶ ይነሣል። ምሽት ላይ አፈሩ ዝቅ ያለው አንድ ስንዝር ነው። እኔ በጎልማሳነቴ ብሆን ያንን ሁሉ ከቁርስ በፊት ጨርሼው ነበር።

መቸኮል የሚባል ነገር የማያውቁ ናቸው ብዬ ስናደድ ከረምሁ። ወዲያው ደግሞ ምን ሰማሁ? ቁፋሮው አበቃ፣ መንገዱ ይቀጥል! ምነው? ሰው ስንት ዘመን የኖረበትን ከተማ በሁለት ዓመት ተኩል ገላልጦ መሄድ ምን የሚሉት ጥድፊያ ነው? እንጀራ እንኳ ሊጡ ሳይቦካ አይጋገርም። አይ የዘንድሮ ሰው! ዘገምተኛም ችኩልም መሆን አንድ ላይ እንዴት ተቻለው?

ጉልበቱን የሰጠው ማን ነው ብትሉ፣ አምስት ሺህ ያህል ተማሪና በጎ ፈቃደኛ ተሳትፎበታል። አዎ፣ ተማሪ! የኔ የልጅ ልጅ፣ ካልሲውን ከመኝታ ቤቱ ወለል ላይ ለማንሣት ሦስት ጊዜ የሚለመነው ልጅ፣ እዚያ ሄዶ ስሙን የማያውቀውን ሟች ወለል በብሩሽ ሲጠርግ ዋለ። ጆሮው ላይ ያቺን ነጭ ነገር ሰክቶ! የሟቹን ቤት በዘፈን ነው የሚጠርጉት። «ስልክህን አስቀምጥ፣ ዓይንህ ይፍሰስ እንዴ?» ብዬ ከአጥሩ ማዶ ጮኽሁበት። ይህን ስል ደግሞ በፔላፎኔ፣ በእጅ ስልኬ፣ እየቀረጽሁት ነበር፤ ጎንደር ላሉት ዘመዶች መላክ አለብኛ። ዋትሳፕ ላይ ሁሉም ወደዱት፤ እኔ ግን የመሬቱን ብቻ ሳይሆን የድምፄንም ጥራት እንዲያስተውሉ ነበር የፈለግሁት።

የገሉ ነገር ነው ግን ሆዴን የሚበላኝ። በሚሊዮን የሚቆጠር የሸክላ ስባሪ ነው ከዚያ መሬት የወጣው። እያንዳንዱን ያጥቡታል፣ ወንፊት ላይ ያሰጡታል፣ ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከየትኛው ድርብርብ እንደ ወጣ ይመዘግቡበታል። የተሰበረ ድስት ቁራጭ ከመታወቂያ ጋር! የኔ እናት ሸክላ ሠሪ ነበረች። የሷን እጅ ያየ የወገራና የደምቢያ ገበያ ይመስክር፦ ጋን፣ እንስራ፣ ገንቦ፣ ምጣድ፣ ጀበና፣ ምን ያልሠራችው አለ። መሽከርከሪያ የለ፣ ማሽን የለ፤ ጭቃውን በእጇ እያሸች፣ አሮጌ ገል ፈጭታ እየቀላቀለች፣ በጠጠር እያለሰለሰች፣ በኩበትና በእንጨት እሳት ትተኩሰው ነበር። ገዢው ገንቦውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ፣ ድምፁን ሰምቶ ይወስዳል። አንድም ሰው መጥቶ «እሜቴ፣ ይህን እንዴት ነው የምትሠሪው?» ብሎ የጠየቃት የለም። እንዲያውም ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ናችሁ ብለው ክፉ ስም ሲለጥፉብን ኖሩ። አሁን ከኤን ኤሱር የወጣችው ገል፣ እሷም በእጅ የተበጀች፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው በአጉሊ መነጽር ያያታል፤ ምን ጭቃ ነው፣ ምን ተቀላቀለበት፣ በስንት ሙቀት ተተኮሰ ይላል። የሞተው ሲጠየቅ የቆመውን ማን ጠየቀው?

አንዲት ወጣት ቆፋሪ ግን አንድ ቀን ወደ አጥሩ ጠጋ ብላ፣ ከእኛ ልጆች ናት፣ አማርኛዋ ቢንተባተብም ጨዋ ልጅ፣ «አባባ፣ እዚያ አገር ሸክላ ስትሠሩ ገሉን ፈጭታችሁ የምትጨምሩት ለምንድን ነው?» አለችኝ። «ሸክላ የሴት ሥራ ነው፤ እኔ ምን አውቄ!» አልኋት። ልጅቷ ደግሞ አመስግና ልትሄድ! ቁጭ በይ አልኋትና ስለ እኔ የብረት ሥራ፣ ስለ ማረሻው፣ ስለ ማጭዱ፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ፣ ስለዚህ አገር ሐኪም ቤት ቀጠሮ፣ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ አጫወትኋት። ስለ ገሉ ተመልሳ አልጠየቀችኝም። አያችሁ? የዛሬ ልጆች ጥያቄያቸውን እንኳ እስከ መጨረሻው አይዙም።

ጥላ እንኳ የማይጠቀሙ መሰላችሁ? በየጉድጓዱ ላይ ጥቁር መረብ ይዘረጋሉ። እኛ በጠራራ ፀሐይ ያለ ጥላ ነበር የምናርሰው፤ እነሱን ብቻ ነው ፀሐይ የሚያሟሟው? ይህንን ነገር በሚገባ እንዲረዱልኝ ወንበሬን ወደዚያው ጥላ አስጠጋሁ፤ ከመረቡ ሥር ሆኜም ደጋግሜ ነገርኋቸው።

ቤተ መቅደስም አግኝተዋል። በግቢው ትልቅ የድንጋይ ገንዳ አለ፤ ለሥርዓታቸው ውኃ ወይም ሌላ ፈሳሽ የሚይዙበት። የተቃጠለ የእንስሳ አጥንት፣ የመሥዋዕት ትራፊ፣ የሰው ፊት የመሰለች ትንሽ ምስልም ወጥታለች። እኔ የቄስ የልጅ ልጅ ነኝ፤ ስለ ጣዖት ደግ አልናገርም፣ ተናገር ብባልም አልናገርም። ግን ለእውነት ቢሉ፣ ጣዖትም ቢያመልኩ በሰዓታቸው ይመጡ ነበር፣ ሽማግሌ ሲገባ ይነሡ ነበር፣ በጸሎት መካከል ፔላፎን አይጮህባቸውም ነበር። ዘንድሮ በሲግድ በዓላችን ቀን ቄሶቹ ጥላቸውን ዘርግተው መጽሐፍ ሲያነቡ ከጎኔ ያለው ወጣት ኳስ ውጤት ያያል። ስንት ለስንት እንደሆነ ነግሮኛል፤ የጠየቅሁት ለመገሠጽ ነው።

ከዕቃው መካከል የማኅተም አሻራ አለ፤ እጁን ወደ ላይ ያነሣ ሰውና ከጎኑ አንድ እንስሳ የተቀረጸበት። አምስት ሺህ ዓመት ሙሉ ያ ማኅተም አልተረሳም፣ አልተለወጠም፣ «ጊዜው አልፎበታል» አልተባለም። እኔ ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት በስልኬ የምስጢር ቁጥር ይልክልኛል፤ መነጽሬን እስካገኝ ቁጥሩ ይሞታል፤ ሌላ ይልክልኛል፤ እሱም ይሞታል። የዛሬ አምስት ሺህ ዓመት የሚመጡ ቆፋሪዎች የኔን ማንነት በምን ያገኙታል? ያ ሰው እጁን ወደ ላይ ያነሣውም በከንቱ አይደለም፤ የሚመጣውን ዘመን አይቶ ተስፋ ቢቆርጥ ነው።

ይህ የኤን ኤሱር ብቻ ጣጣ አይደለም። በዚያው በ2019 ከኢየሩሳሌም በስተ ምዕራብ ሞጻ በሚባል ቦታ፣ ለ16 ቁጥር መንገድ መሬት ሲዘጋጅ፣ የዘጠኝ ሺህ ዓመት መንደር መገኘቱ ተነገረ። መንደር ማለቱ ይቀለኛል እንጂ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሺህ ሰው የኖረበት ነው። የኖራ ወለል፣ በቤቶች መካከል መተላለፊያ፣ በሺዎች የሚቆጠር የባልጩት ፍላጻ ተገኘ። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ ግን ጎተራው ነው፤ ጎተራው ውስጥ ምስር ነበር። የዘጠኝ ሺህ ዓመት ምስር፣ ምስርነቱ ሳይጠፋ! ባለቤቴ ከገበያ አዳራሹ የምትገዛው ምስር ከሁለት ወር በኋላ ነቀዝ ያነሣል። የዱሮ ምስር ምን ነበረው? እምነት ነበረው። ከጎረቤት ሳይበደር የሚያድር ሰው ምስር አይነቅዝም።

ደግሞም ሕጉን ተመልከቱልኝ። በዚህ አገር ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1700 በፊት የሠራው ዕቃ ሁሉ ቅርስ ነው፤ ቅርስ ያገኘ ሰው ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን ቸኩሎ ነው የቆመው። እኔስ? የኔን ጉልበት የሚያውቅ ሐኪም ከ1700 በፊት የተሠራ መሆኑን በመሐላ ይመሰክርልኛል። ታዲያ ማን አጥር አጠረልኝ? ማን ብሩሽ ይዞ አቧራዬን ጠረገልኝ? አውቶቡስ ላይ ስወጣ እንኳ ተነሥቶ የሚያስቀምጠኝ የለም። አንዳንዱ ተነሥቶ «ተቀመጥ አባባ» ሲለኝ ደግሞ ያናድደኛል፤ ሽማግሌ መስዬው ነው?

አንዲት ገል ስጡኝ ብዬም ለምኜ ነበር፤ ለአበባዬ ማሰሮ መደገፊያ ብትሆነኝ ብዬ። ክልክል ነው አሉኝ። ከሚሊዮን አንዲት! ሟችን ከመቃብሩ የማታሳርፉ፣ አንዲት ገል ብወስድ ነው ክብሩ የሚነካው? ቅርስ መዝረፍ ነው አሉኝ። ሰው የገዛ ገሉን ቢወስድ መዝረፍ የሚሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ገሉ የኔ አይደለም ካላችሁኝም፣ እናቴ ብትኖር ኖሮ በዓይኗ አይታ የኛ ወገን ሥራ ነው ትል ነበር።

አገር ቤት እኮ እንዲህ አይደለም። ድንቅነሽ እንኳ፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ እናታችን፣ በ1974 ሐዳር ላይ ስትገኝ ማንም መንገድ ይሠራ አላለም፤ ጎርፉ ራሱ አፈሩን ሸርሽሮ አጥንቷን ብቅ አደረገላቸው። እዚያ መሬቱም ሰውን አያስቸግርም። እዚህ ግን ካልቆፈሩ የሚታይ ነገር የለም፤ ሲቆፍሩ ደግሞ የማይወጣ ነገር የለም፤ ውኃ ቧንቧ ሊቀብሩ ሄደው ከነገሥታት ጋር ይጋጫሉ።

መንገዱን ካነሣን ይቺን ልጨምር፤ በዋዲ ዓራ መጨናነቅ የዛሬ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከዛሬ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ የግብፁ ፈርዖን ቱትሞስ ሦስተኛ ወደ መጊዶ ሲዘምት በዚሁ ሸለቆ አልፏል። የጦር አለቆቹ «መንገዱ ጠባብ ነው፣ ፈረስ ከፈረስ ኋላ፣ ሰው ከሰው ኋላ ተሰልፈን ነው የምናልፈው፤ በሌላ በኩል እንሂድ» ብለውት ነበር። ንጉሡ ግን እምቢ ብሎ ገባ፣ አልፎም ድል አደረገ። ዛሬ ልጄ በዚያው ሸለቆ አጠገብ መኪና ከመኪና ኋላ ተሰልፎ ይቆምና «አባባ፣ ዛሬ አልደርስም» ብሎ ይደውልልኛል። ፈርዖን ሠራዊቱን፣ ሠረገላውን፣ ድንኳኑን ይዞ ያለፈበትን መንገድ አንድ ሰው አንዲት መኪና ይዞ አላልፍ አለ! እኛን በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ከአዲስ አበባ አንሥተው ያመጡን ሰዎች፣ ዛሬ አንድ አውቶቡስ ከሐዴራ ሐሪሽ በሰዓቱ ማድረስ ተሳናቸው። ያን ጊዜ መቸኮል ያስከብር ነበር፤ የዛሬው መቸኮል ግን ባዶ ጥድፊያ ነው።

መጨረሻው ምን ሆነ ትሉኛላችሁ። የከተማው ትልቅነት ሲታወቅ የማሳለጫው ፕላን ተለወጠ። መንገዱ ከቅሪቱ በላይ ከፍ ብሎ እንዲሠራ፣ ከተማውም ለሚመጣው ትውልድ ከሥር እንዲጠበቅ ተወሰነ። እንግዲህ ፍረዱ፦ አምስት ሺህ ዓመት ተቀብሮ የኖረውን ከተማ አወጡት፣ አጠቡት፣ ለኩት፣ ፎቶ አነሡት፣ ኒውዮርክ አሉት፣ ከዚያ መልሰው ከመንገድ ሥር ቀበሩት። መጀመሪያውኑ ባይነኩት ምን ነበር? ከነኩት በኋላስ ክፍቱን ቢተዉት ምን ነበር? ክፍቱን ቢተዉት ደግሞ ዝናብና ጎረምሳ ይጨርሰው ነበር፤ ይህን ሳስብ የቀበሩትን ሰዎች ልመርቃቸው ይቃጣኛል፤ ግን አልመርቃቸውም።

ያ ከተማ ዘመኑን ከኖረ በኋላ ተፈታ፤ ሕዝቡ ትቶት ሄደ። ለምን እንደተፈታ ሊቃውንቱ ብዙ ይመረምራሉ። እኔን ቢጠይቁኝ ምርመራ አያስፈልገውም፤ ወጣቶቹ «አየሩ ጥሩ ነው» ብለው ኮረብታ ላይ በዕዳ ቤት ገዝተው ወጥተው ነው። ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን ጎተራ ሲጠብቁ ቀሩ።

ስለዚህ የሚመለከታችሁ ሁሉ ስሙኝ። መንገድ አታብዙ፤ መንገድ ሰውን አራቀ እንጂ አላቀረበም። የሞተውን አታውኩት፤ የቆመውን ጠይቁት፤ ሲጠየቅ ግን ጊዜ ስጡት፣ ቸኩላችሁ አትነሡበት። ማሳለጫውን ከሠራችሁት ደግሞ ከጎኑ አንድ የአውቶቡስ ማቆሚያ አድርጉበት፤ ጥላና ወንበር ይኑረው፣ አውቶቡሱም ማዝጋኑ፣ አየር ማቀዝቀዣው፣ የሚሠራና ፈጣን ይሁን፤ ቅዳሜ ማታ የልጅ ልጆቼን አይቼ ለዜና ሰዓት ቤቴ መድረስ አለብኝ።